ለጆርጂያ ሕግ አውጪዎችና በጆርጂያ ለምትኖሩ ወገኖቼ፦ ሪኮ ካሸሩን ሳይሆን አለቃውን ይያዝ

ክቡራን የጆርጂያ ጠቅላላ ምክር ቤት አባላት፣ የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጽፌ ለአካባቢዬ ተወካይና ለሴናተሬ ቢሮ ልኬዋለሁ። በአማርኛም የማወጣው በክላርክስተን፣ በስቶን ማውንቴን፣ በተከር፣ በዲኬተርና በቡፎርድ ሃይዌይ ዙሪያ ያለው ሐበሻ ጉዳዩ የራሱ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ብዙዎቻችን "ሪኮ" (የተያያዙ ወንጀሎችን፣ ራኬቲሪንግ የሚሉትን፣ በአንድ ክስ የሚያስረው ሕግ) ሲባል የራፐሮችና የፖለቲከኞች ወሬ ይመስለናል። አይደለም። ጋዝ ስቴሽን ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚሠራ ካሸር ከማንም በላይ ሊያውቀው የሚገባ ሕግ ነው።

የምጠይቀውን ከፊት ላስቀምጥ። ሕጉ ይሰረዝ አልልም። በሌላው ትከሻ ላይ ተቀምጦ የሚያተርፈውን አለቃ ለመያዝ የወጣ ሕግ፣ በሰዓት ደሞዝ እየተከፈለው የታዘዘውን የሚሠራ ሰው አብሮ እንዳይጠራርግ አጥሩን አጥብቁት ነው የምለው።

ሕጉ ለምን እንደወጣ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። የፌዴራሉ ሪኮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ)፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የተደራጀ ወንጀል መቆጣጠሪያ ሕግ አካል ሆኖ። የዚያን ጊዜ ራስ ምታት ማፍያው ነበር። አለቃው በገዛ እጁ ሰው አይገድልም፣ ሱቅ አያቃጥልም፣ ጉቦ አይቀበልም። ያዛል። ፖሊስ የሚይዘው የታዘዘውን ነው፤ እሱ እስር ቤት ሲገባ በማግስቱ ሌላ ይተካል፣ አለቃው ደግሞ እራቱን በሰላም ይበላል። ሪኮ ይህንን ሰበረ። የተበታተኑትን ወንጀሎች በአንድ ክር አስሮ ክሩን የያዘውን ሰው ለፍርድ ማቅረብ ተቻለ። ብዙ ስቴቶች የየራሳቸውን አወጡ፤ ጆርጂያ ያወጣችው በ1980 ነው።

እኛ ሠፈርም ሕጉ በሚገባው ቦታ ሲሠራ ታይቷል። ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ዴርዊን ብራውን የሚባሉ ሰው ሸሪፍ ሆነው ተመረጡ። ሥራቸውን ሳይጀምሩ በታኅሣሥ 2000 ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። በምርጫው የተሸነፈው የቀድሞው ሸሪፍ ሲድኒ ዶርሲ በ2002 በግድያውም በራኬቲሪንግም ጥፋተኛ ተባለ። ሥልጣኑን ተጠቅሞ የመንግሥት ደሞዝ የሚበሉ ፖሊሶችን ለግል የጥበቃ ድርጅቱ ያሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ሪኮ ባይኖር ምን ሊኖር ነበር? እኔ ይህን ሕግ የማከብረው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ያለው የጆርጂያው ሕግ ከፌዴራሉ በጣም የሰፋ መሆኑ ላይ ነው። ፌዴራሉ በወንጀሎቹ መሀል "ድርጅት" መኖሩን ይፈልጋል። የጆርጂያው ግን በአንዱ አንቀጹ ድርጅት የሚባል ነገር ሳይኖርም ይሠራል፤ አንድ ሰው ብቻውን በወንጀል መንገድ ገንዘብ ወይም ንብረት ካገኘ ሊከሰስበት ይችላል። የሚያስፈልገው ሁለት የተያያዙ ድርጊቶች ናቸው። ከፌዴራሉ ዝርዝር በተጨማሪ የስቴቱ ብዙ ወንጀሎች ተካተውበታል፣ ከከባዱ እስከ ቀላሉ። ድርጊቱ ባይፈጸም እንኳ መስማማትና ወደዚያ አንድ እርምጃ መራመድ ይበቃል። ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው፤ መቀጮው 25,000 ዶላር ወይም የተገኘው ጥቅም 3 እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው።

ሕጉ መግቢያው ላይ ጥሩ ነገር ይላል። ዓላማው ነጠላ ነጠላ ጥቃቅን ጥፋቶችን መክሰስ እንዳልሆነ፣ ለገንዘብ ጥቅም የተደረገ ወይም ኢኮኖሚያዊና አካላዊ ጉዳት ያመጣ የተያያዘ ወንጀል ላይ እንደሚያተኩር ጽፋችሁታል። ጥሩ ብላችኋል። ግን መግቢያ ብቻውን ሰው አያድንም። የክስ ወረቀት የሚጻፈው ከአንቀጾቹ ነው፣ አንቀጾቹ ደግሞ ሰፊ ናቸው።

አሁን ወደ ስቶሩ ልግባ፣ የመጣሁት ለሱ ነውና።

ጋዝ ስቴሽን የሠራ ሁሉ ጥጉ ላይ የተደረደሩትን መብራታቸው የማይጠፋ የመጫወቻ ማሽኖች ያውቃቸዋል። በአንድ ስቶር እስከ 9 ድረስ ይፈቀዳሉ። ከ2013 ጀምሮ ቁጥጥራቸው ለጆርጂያ ሎተሪ ኮርፖሬሽን ተሰጥቷል። ማሽኑ ራሱ ሕጋዊ ነው። ሕገወጥ የሚሆነው ላሸነፈው ሰው ጥሬ ገንዘብ ሲከፈለው ነው። አሸናፊው ከስቶሩ ዕቃ መውሰድ ይችላል፣ የሎተሪ ቲኬት ይችላል፣ ከ2024ቱ ማሻሻያ ወዲህም ጊፍት ካርድ የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቷል። መጠጥ፣ ሲጋራና የጦር መሣሪያ አይቻልም። ካሽ ፈጽሞ አይቻልም። ከገቢው ሎተሪው ድርሻውን ይወስድና የቀረውን የማሽኑ ባለቤትና የስቶሩ ባለቤት እኩል ይካፈሉታል። ካሸሩ ከዚህ ሁሉ ሰባራ ሳንቲም የለውም።

አሁን አንድ የማውቀው ልጅ የነገረኝን ስሙ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ደንበኛው ከማሽኑ የወጣች ትንሽ ወረቀት ይዞ ካውንተሩ ላይ ይቆማል። 60 ዶላር ትላለች። "ካሽ ስጠኝ" ይላል። ልጁ አዲስ ነው፣ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፣ እንግሊዝኛውም እንደነገሩ ነው። ባለቤቱ ጋ ይደውላል። ባለቤቱ በእንቅልፍ ድምፅ "ስጠው ባክህ፣ ከታች ፖስታ አለልህ" ይለዋል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ከካሽ ሬጅስተሩ ሥር ከተጣበቀው ፖስታ ሦስት ባለ 20 ያወጣል። ግድግዳው ላይ ካሽ መክፈል ክልክል ነው የሚል ወረቀት በእንግሊዝኛ ተለጥፏል፣ የሲጋራው መደርደሪያ ግማሹን ሸፍኖታል። በነጋታው ሌሊት ሌላ ሰው፣ ሌላ ወረቀት፣ ያው ፖስታ።

ልጁ አልተያዘም፤ ነገሩ ደስ ስላላለው ሥራውን ጥሎ ወጣ። ግን በነዚህ ሁለት ሌሊቶች ምን ሊባል ይችል ነበር? የስቴቱ ሕግ በአንድ ቦታ ላሸነፈ ሰው ካሽ መክፈልን ከፍ ያለ ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ይለዋል። ዐቃቤ ሕጉ ከፈለገ ደግሞ "ኮመርሻል ጋምብሊንግ" (የንግድ ቁማር) ብሎ ፈለኒ (ከባድ ወንጀል) ያደርገዋል፤ እሱ ከ1 እስከ 5 ዓመትና እስከ 20,000 ዶላር ነው። ቁማር ደግሞ ሪኮ ዝርዝር ውስጥ አለ። ሁለት የተያያዙ ድርጊቶች በ4 ዓመት ውስጥ ከተገኙ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ያው እጅ፣ ያው 60 ዶላር፣ ወንበሩ ላይ በተቀመጠው ዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ብቻ ከትንሽ ጥፋት ተነስቶ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ሁሉም ዐቃቤ ሕግ እንዲህ ያደርጋል አላልኩም። ብዙዎቹ አስተዋይ ናቸው። ነገር ግን የሰው ዕጣ በሰው አስተዋይነት ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም፣ ሕግ የሚጻፈውም ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚብሰውን ደግሞ እኛ ስደተኞች ነን የምናውቀው። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ "አግራቬትድ ፈለኒ" ብሎ ከሚዘረዝራቸው ወንጀሎች አንዱ የሪኮ ወንጀል ነው፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስፈርድ የሚችል ከሆነ። ልብ በሉ፣ "ሊያስፈርድ የሚችል" ነው የሚለው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይታሰር በገደብ የተለቀቀ ሰውም ይገባበታል። ዝርዝሩ የስቴት ወንጀሎችንም ይጨምራል። የጆርጂያው ሪኮ ከፌዴራሉ ስለሚሰፋ ይገጥማል አይገጥምም ብሎ ጥሩ ጠበቃ ሊከራከር ይችላል፤ ግን ክርክሩ የሚካሄደው ሰውየው ዲቴንሽን ውስጥ ሆኖ፣ ቤተሰቡ በየቀኑ ብር እየከፈለ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አግራቬትድ ፈለኒ ከተመዘገበበት ይባረራል፣ ዳኛው ልጆቹንና የኖረበትን ዘመን አይቶ ሊምረው የሚችልበት ዋናው መንገድም ይዘጋበታል። ሲትዝንነት ደግሞ ለዘለዓለሙ ቀረ።

ስለዚህ እዚህ ለተወለደ ሰው ሪኮ ማለት ምናልባት ፕሮቤሽን ነው። ለዚያ ለካሸሩ ልጅ ግን ሀገር ማጣት ነው። ክቡራን፣ ይህን ስትመዝኑ አላየሁም። እዚህ ስቴት በየጋዝ ስቴሽኑ ሌሊት የሚቆመው ማን እንደሆነ ግን ነዳጅ ስትቀዱ ታዩታላችሁ።

ስለ ንብረትም ላንሳ። የሪኮ ሕግ የወንጀል ብቻ አይደለም፣ የፍትሐ ብሔር ክንፍ አለው። በ2010 አካባቢ በነበሩት ዓመታት ዐቃቤ ሕጎች በዚህ ክንፍ ማሽን ያላቸውን ስቶሮች ይከስሱ ነበር። የባንክ ሂሳብ ይታገዳል፣ ፍርድ ቤት የሾመው ባለአደራ መጥቶ ሱቁን ይረከባል፣ ባለቤቱ ገና ጥፋተኛ ሳይባል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጉዳዩን ለመንግሥት የሚይዙት አንዳንዶቹ ከውጭ የተቀጠሩ ጠበቆች መሆናቸውና ክፍያቸው ከሚወረሰው ንብረት በመቶኛ መታሰቡ ነበር። በ2012 የጆርጂያ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ አከፋፈል ተገቢ አይደለም ብሎ ጠበቆቹን ከጉዳዩ አወጣቸው። ፍርድ ቤቱን አመሰግናለሁ። በ2015 እናንተም የውርስ ሥርዓቱን አሻሽላችኋል። ሆኖም ዛሬም የወንጀል ጥፋተኝነት ሳይረጋገጥ ንብረት መውረስ ይቻላል። ሱቅ ለኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሁለት ቤተሰብ ዕቁብ ነው፣ ከአጎት የተበደሩት ነው፣ አዲስ አበባ የተሸጠ ቤት ነው። ባለቤቱ ቢያጠፋ ይቀጣ። ግን መጀመሪያ ይፈረድበት።

ትልልቆቹን ጉዳዮች ብዙ ስለተባለባቸው አልዘረዝራቸውም። የሰፋ ሕግ ምን እንደሚያመጣ ለማሳየት ያህል ብቻ። በ2015 የአትላንታ መምህራንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተማሪዎችን ፈተና መልስ አርመዋል ተብለው 11 ሰዎች በራኬቲሪንግ ጥፋተኛ ተባሉ። ያደረጉት ነገር ልጆችን የጎዳ ነው፣ አላቀልለውም፤ ነገር ግን ማፍያን ለመያዝ በወጣ ሕግ? በ2022 ራፐሩን ያንግ ተግን ጨምሮ 28 ሰዎች በአንድ ክስ ተከሰሱ። የጁሪ አባላትን መምረጥ ብቻ 10 ወር ገደማ ፈጀ፣ ችሎቱ በስቴቱ ታሪክ ረጅሙ ሆነ፣ ያንግ ተግ ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ ከቆየ በኋላ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በገደብ ወጣ፣ እስከ መጨረሻው ተከራክረው ብይን የጠበቁት ሁለቱ ደግሞ በታኅሣሥ 2024 ከሪኮውም ከግድያውም ክስ ነፃ ተባሉ። ሁለቱ ያን ሁሉ ጊዜ እስር ቤት ነበሩ። ያን ጊዜ ማን ይመልስላቸዋል? በ2023 ደግሞ የአትላንታን የፖሊስ ማሠልጠኛ ግንባታ በመቃወም 61 ሰዎች በአንድ የሪኮ ክስ ውስጥ ገቡ። እሳት የለኮሱ አሉ ተብሏል፣ በራሪ ወረቀት የበተኑም አብረው ተጠቅሰዋል። በመስከረም 2025 ዳኛው የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይህን የሪኮ ክስ ለማቅረብ የሚያስፈልገውን የገዥውን ፈቃድ ስላላገኘ ክሱ ሊቀጥል አይችልም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን እነዚያ ሰዎች 20 ዓመት እስር ፊታቸው ተደቅኖ ኖረዋል፤ ሥራ ያጡም፣ ትምህርት ያቋረጡም ይኖራሉ።

ሕጉ በኛ ላይ ብቻ ሳይሆን ለኛም መሆን ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በሪኮ ሥር በሚወድቅ ወንጀል የተጎዳ ማንኛውም ሰው ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ የጉዳቱን 3 እጥፍ መጠየቅ ይችላል፣ የጠበቃ ወጪም ጭምር። "ወረቀትህን እጨርስልሃለሁ" እያለ ከስንቱ ቤተሰብ በሺዎች ዶላር ተቀብሎ ያልሞላውን ፎርም ሞላሁ የሚል ሰው በየከተማው አለ። አንዱን ቢያጭበረብር አጭበርባሪ ነው። ደጋግሞ ካደረገው ግን ሕጉ የተያያዘ ወንጀል የሚለው ውስጥ ሊገባ ይችላል። የተበላ ሰው ግን አፍሮ ዝም ይላል፣ "እግዜር ይይለት" ብሎ ይተወዋል። የዲ.ኤ. (የዐቃቤ ሕግ) ቢሮዎች ራኬቲሪንግን ለካሸር ከሚያውሉት ይልቅ እንዲህ ያለውን ቢያሳድዱበት በየቤተክርስቲያኑና በየመስጊዱ ምስክር አያጡም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። በወንጀል ሪኮ ላይ የመሪነት ወይም የትርፍ ተካፋይነት መስፈርት ጨምሩ፤ ደሞዙን ብቻ የሚቀበል፣ ዕቅዱን ያላወጣ፣ ከትርፉ ያልተካፈለ ሰው ላጠፋው ጥፋት በዚያው ጥፋት አንቀጽ ይጠየቅ እንጂ በሪኮ አይከሰስ። ብቻውን የሆነ ሰው የሚከሰስበትን አንቀጽ እንደ ፌዴራሉ ከድርጅት ጋር እሰሩት። መግቢያው ላይ ያለውን መልካም ሐሳብ ዐቃቤ ሕግ ችሎት ላይ ማስረዳት ያለበት መስፈርት አድርጉት። ንብረት መውረስ ከጥፋተኝነት ፍርድ በኋላ ይሁን። የማሽኑን ነገር ደግሞ ሎተሪ ኮርፖሬሽኑ በቀላሉ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ፈቃድ የሚወስድ ባለስቶር ለሠራተኛው ሕጉን በሚገባው ቋንቋ አስረድቶ እንዲያስፈርም ይገደድ። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በኔፓሊ፣ በጉጃራቲ፣ በስፓኒሽ። አንድ ገጽ ነው። ከዚያ በኋላ ያጠፋ አላወቅኩም አይልም፣ ያዘዘው አለቃም "ልጁ ነው ያደረገው" ብሎ አያመልጥም።

ወገኖቼ፣ ለእናንተ ደግሞ እንደ ወንድም ልናገር። ባለስቶሮች፣ ያንን ፖስታ ከሬጅስተሩ ሥር አንሱት። ማሽኑ የሚያስገባው ገንዘብ ዓይን ያጠፋል፣ አውቃለሁ፣ የነዳጁ ትርፍም ከሳንቲም አያልፍም። ግን በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። የገዛ ወገናችሁን፣ ቤታችሁ ያሳደራችሁትን ልጅ፣ ሌሊት ብቻውን አቁማችሁ በስልክ "ስጠው" አትበሉት።

ካሸር የሆናችሁ፣ ባለቤቱ ካሽ ክፈል ካላችሁ እንቢ በሉ። ጋሼም ይሁን፣ የሀገር ልጅም ይሁን። ትዕዛዙን በጽሑፍ ላክልኝ በሉት፤ አይልክም። ሥራው ቢቀር ሌላ ሥራ ይገኛል፣ አማዞን መጋዘኑም አለ፣ ዴሊቨሪውም አለ።

ክስ የደረሰባችሁ ደግሞ ቶሎ ለመገላገል ብላችሁ አትፈርሙ። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወንጀል ጠበቃ ለስደተኛ ደንበኛው ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከሀገር ሊያስባርር እንደሚችል መንገር ግዴታው ነው ብሎ ወስኗል። መብታችሁ ነው። "ይህ ነገር ግሪን ካርዴን ይነካል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከቻላችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አንዴ አማክሩ፣ ከመፈረማችሁ በፊት። ከተፈረመ በኋላ የሚመጣው ሩጫ ስንቱን ቤተሰብ እንዳራቆተ አይቻለሁ።

ሲትዝን የሆናችሁ፣ ምክር ቤቱ በየዓመቱ ጥር ውስጥ በሁለተኛው ሰኞ ይከፈታል፣ የሚሠራውም 40 የሥራ ቀን ብቻ ነው። 180 ተወካዮችና 56 ሴናተሮች አሉ፣ ከነሱ ሁለቱ የእናንተ ናቸው። እነማን እንደሆኑ የስቴቱ የመራጮች ድረ ገጽ ላይ ስማችሁን፣ ካውንቲያችሁንና የልደት ቀናችሁን አስገብታችሁ ታገኙታላችሁ። ደውሉላቸው። እንግሊዝኛዬ አይመችም አትበሉ፤ ልጃችሁ አጠገባችሁ ትቀመጥና ትናገርላችሁ። "ስለ ሪኮ ሕግ ነው፣ ተቀጣሪዎችን የሚለይ ማሻሻያ እንፈልጋለን" በቂ ነው። የዕድርና የቤተክርስቲያን ኮሚቴዎች ደግሞ ከእሁድ ስብሰባችሁ አሥር ደቂቃ ስጡትና ስም አሰባስቡ። እኔ የራሴን ልኬያለሁ፤ ከሁለቱ ቢሮዎች የማገኘውን መልስ፣ ዝምታም ከሆነ ዝምታውን፣ ምክር ቤቱ ሥራውን ሲዘጋ እዚሁ አወጣዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከክላርክስተን፣ ጆርጂያ